ድምፅ ለበሬው

የምስለኔያችን ሚስት ወንድም ለፓርላማ ሲወዳደር የምርጫ ምልክቱ በሬ ነበር። የጋይንት ሰው ሳቁን አፍኖ ሰነበተ፤ ምስለኔው ከባለጉዳይ ተቀብሎ ያልበላው በሬ አልነበረማ። "ሥጋውን በልተው ሥዕሉን ላኩልን" አለች ጎረቤቴ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ምስለኔው እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር።

እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ከባሌ አባት ሁለት በሬዎች አንዱ የሰው ገብስ በልቷል ተብሎ ምስለኔው ግቢ ታስሯል። በአንድ በሬ አይታረስ፤ ሰኔ ደርሷል፤ ካልተዘራ ደግሞ የዓመት ቀለብ የለንም። ምስለኔው መማለጃ ይጠብቃል፤ አማቴ አይሰጡም። ከቤተ ልሔም ድጓ ቤት እስከ ጎጃም ቅኔ ቤት የዞሩ፣ ቃል ሲሰሙ ከሰሙ ሥር ወርቁን የሚፈልጉ እልኸኛ ነበሩ።

ምርጫው ሲቃረብ ምስለኔው ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሰብስቦ፣ "ድምፄን ለበሬው እሰጣለሁ ብላችሁ ማሉ" አለ። ሰዉ አጉረመረመ። በሐሰት ምሎ ደጀ ሰላም የሚረግጥ ማን አለ? እኔም ፈራሁ። አማቴ ግን ብድግ አሉ።

"እኔ እምላለሁ ጌታዬ። ድምፄን ለበሬው ካልሰጠሁ ታቦቱ ይፍረድብኝ። ግን የራሴ በሬ እርስዎ ግቢ ታስሮ እያለ፣ በሬን ምረጡ ብል ማን ይሰማኛል?"

ምስለኔው ደስ ብሎት በሬውን በዚያው ቀን አስፈታ። ሌላውም አማቴን ተከትሎ ማለ።

በማግስቱ አማቴ በሬዎቻቸውን ጠምደው፣ "ና! ተመለስ! ግባ አንተ!" እያሉ ሲጮሁ ዋሉ። ድምፃቸው ተዘግቶ ገቡና፣ "በይ ልጄ፣ መሐላዬን አድርሻለሁ። ድምፄን በሬው ጨርሶታል" አሉኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ወሬው ደብሩን አዳረሰና የማለው ሁሉ በሬ ላይ ሊጮህ ወጣ። በሬ የሌላት ጎረቤቴ እንኳ አጥራችን ሥር ቆማ በእኛው በሬ ላይ ጮኸችበት።

የምርጫው ዕለት ንፋስ መውጫ ሄደን ምልክቱ ጃንጥላ የሆነውን ሌላውን ተወዳዳሪ መረጥን። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በሳቅ ጨረስነው።

ውጤቱ ሲነገር በሬው አሸነፈ። ከእኛ ደብር ጃንጥላን የመረጠ አንድም ሰው አልተገኘም ተባለ። እኔ በንዴት ጦፍኩ።

"አባባ፣ አቤት ይበሉ እንጂ" አልኳቸው።

መልሱን እየሳቁ ነበር የጀመሩት፤ ሳይጨርሱት ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

"በሬዬ የታሰረበትን ግቢ አውቀው ነበር ልጄ። ድምፄ የት ታስሯል ልበል?"