መድረኩ ላይ የወጣው በርሜል

ያ ነገር ሠላሳ ሁለት ብር፣ አንድ በርሜልና የአራት ቀን ነፃነቴን አስከፍሎኛል። ከሦስቱ የቆጨኝ በርሜሉ ነው።

ያን ጊዜ ፈረስ መጋላ ላይ እንጨትና ገመድ እሸጥ ነበር። ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ልዩ ልዩ ዕቃም ጨምሬበታለሁ። በዚያ ዓመት ለጥምቀት ከከተማው ግንብ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ መኳንንቱና ካህናቱ የሚቆሙበት መድረክ ይሠራ ተባለ። የገዢው ግቢ አዛዥ እንጨቱን ከእኔ ወስዶ ዋጋውን «ከበዓሉ በኋላ» አለኝ። እንዲህ ሲሉኝ የትኛው በዓል እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ሥራውን የያዙት በግንቡ ውስጥ ያለው የጁገል ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ምስማር ውድ ነውና ቋሚውን ከአግዳሚው ያሰሩት በጠፍር ነው። ጥሬ ቆዳ ርሶ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ጨምድዶ ይይዛል፣ ብረት በለው።

በበዓሉ ጧት፣ ገና ጠበሉ እየተረጨ ሳለ፣ የመድረኩ አንድ ማዕዘን እንደ ግመል ተንበረከከ። አብዛኛው ሰው ተንሸራቶ በደህና ወረደ። የአንድ አረጋዊ መሪጌታ እግር ግን ተሰበረ።

በማግስቱ አዛዡ ሁለታችንን ዳኛ ፊት አቆመን። እኔ እንጨቴ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነው አልኩ። ሽማግሌው አስተሳሰሬ ጤነኛ ነው አሉ፤ ስለ እንጨቱ ግን አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ይህ ደግነት አላማረኝም። አንዳችን የሌላችን ከሳሽ ሆነናልና ዳኛው እንደ ደንቡ የነጠላዬን ጫፍ ከሽማግሌው ኩታ ጫፍ ጋር አስቋጥረው በቁራኛ አዋሉን። የመሪጌታው እግር ካልዳነ ጥፋተኛ የተባለው ያለውን ሸጦ ዕድሜ ልካቸውን ይጦራቸዋል። ለእኔ ይህ ማለት ሱቄ ነው።

ከሰው ጋር ተቋጥሮ መዋል እንዲህ ቀላል አይደለም። እሳቸው ክርስቲያን ያረደውን አይበሉ፣ እኔ እስላም ያረደውን አልበላ፤ በዓል በወጣ ማግስት ሽሮና ሙዝ እየበላን ሌላ ዐቢይ ጾም ጀመርን። ለሶላት ሲገቡ ቋጠሮው ይፈታና እኔ መስጊዱ በር ላይ እቀራለሁ፤ ዋስ የሚሆነኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ሳስበው ያረጀ ጫማ ነው። ሰው ለዚህ ብሎ አይመለስም እያልኩ አንገቴን አስግጌ እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ይመለሳሉ። ይህም አላማረኝም።

በሦስተኛው ቀን ጎትተው ፍርስራሹ ጋ ወሰዱኝ። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ አስነኩኝ። የሦስቱ ማዕዘን ጠፍር ደርቆ ጥፍር አያስገባም፤ የወደቀው ማዕዘን ጠፍር እንደ ተቀቀለ አንጀት ልሟል። ከአጠገቡ በርሜል ተጋድሟል። የእንጨት በርሜል ነው። የእኔ በርሜል ነው።

ለጠበሉ መያዣ ለካህናቱ በሁለት ብር ያከራየሁት እኔ ነኝ። ታቹ እንደሚያነባም አውቃለሁ፤ ገዢ ያጣው በዚያ ነው። መሬት ላይ ይቀመጣል ብዬ ነበር። ለካስ ከከተራ ጀምሮ ሞልተውት መድረኩ ላይ፣ ልክ ከማሰሪያው በላይ፣ ሲያንጠባጥብ ኖሯል።

«ወላሂ፣ ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለዳኛው ለምን አልነገሩም?»

«እኔ ብናገር አናጢ ሰበብ አያጣም ይላሉ። ባለቤቱ ሲናገር ይታመናል። ልጄ፣ አርባ ዓመት የሠራ እጅ ነው፤ ይሄ ስም ከወጣብኝ ማን በሩን ያሠራኛል?»

ሂሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዝም ብል ስለ በርሜሉ የሚጠይቅ የለም፣ ዕዳው በእሳቸው ላይ ያርፋል። እውነቱን ልናገርና፣ ዝም ለማለት ሦስት አራተኛ ያህል ቆርጬ ነበር።

በአራተኛው ቀን ችሎት ደጃፍ ላይ አዛዡ ቀረብ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ፣ ያንን በርሜል ማንም አያነሳብህም» አለኝ በጆሮዬ።

ሹም ሳይለምኑት ሲያጽናና ነጋዴ ኪሱን መዳበስ አለበት። ይህ ሰው በርሜሉን የሚያውቀው እንዴት ነው? በርሜል ብቻውን መሰላል አይወጣም፤ ያዘዘ አለ። ደግሞስ ዛሬ ይህን ምሥጢር ከያዘልኝ፣ በየበዓሉ ሱቄ እየመጣ ያሻውን በነፃ ሲያስጭን ልኖር ነው። ከዕድሜ ልክ ግብር የአንድ ጊዜ ቅጣት ይረክሳል። ገባሁና በርሜሉ የኔ ነው፣ ያነባል፣ የሽማግሌው እጅ አላጠፋም ብዬ ተናገርኩ።

ዳኛው ማን መድረኩ ላይ እንዳወጣው ጠየቁ። አዛዡ «ሕዝቡ ነው» አለ። ሕዝቡን በቁራኛ ማሰር አይቻልምና ነገሩ እዚያ ቆመ። የወጌሻው ዋጋና፣ መሪጌታው እስኪድኑ ድረስ፣ የቀለባቸው ወጪ በእኔ ላይ ተፈረደ። ዳኛው ደንብም አወጡ፤ ሰው የሚወጣበትን መድረክ የሠራ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ከሥሩ አይለይ፣ ሌላውም ሠሪውን ሳይጠይቅ ላዩ ላይ ምንም አያስቀምጥ። በዓመቱ ሽማግሌው መድረኩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲውሉ አይቻለሁ። ቋጠሯችን ሲፈታ ያሉኝ «አላህ ይስጥህ» ብቻ ነው። ምን ሊጠይቁኝ ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም።

መሪጌታው ለፋሲካ በእግራቸው ቆመው አደሩ። በርሜሉን አዛዡ ወሰደው። ለወጌሻና ለቀለብ ሃያ አራት ብር ወጣ፣ ያልተከፈለኝ የእንጨት ዋጋ አሥር ብር ነው፣ ከኪራይ ሁለት ብር ገብቷል። የጎደለው ሠላሳ ሁለት ብር።