የእህቴ መናፈሻ

ታናሽ እህቴ ዲግሪዋን ይዛ ወደ ቦንጋ ስትመለስ እኔ በማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ለዓመታት ሠርቼ የከተማውን አቀበትና ቁልቁለት በእግሬ ጨርሼው ነበር። ያለኝ ግን ዲፕሎማ ነው። እሷን ገና በልጅነቷ አክስታችን አዲስ አበባ ወስዳ አስተማረቻት፤ እኔ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ እናታችንን ለማገዝ ቀረሁ። ያኔ ማንም ይህን እንደ መበላለጥ አላየውም። እኔም የመናፈሻው ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ አላየሁትም ነበር።

ጊዜው ኢሕአዴግ አገሩን የሚመራበት፣ የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ በማኅበር እየተደራጀ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚወስድበት ነበር። በከተማው ዳርቻ አዲስ መንደር ተሸነሸነ። ከመንደሩ መሃል ግን ማንም ያልፈለገው ዝቅ ያለ ቦታ ተረፈ። ላይኛው ጫፉ ላይ ምንጭ አለ፤ ከምንጩ በታች ውሃው ይተኛና ረግረግ ይሆናል፤ ዳር ዳሩን ዘንባባና ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል። መሬቱ ቤት አይሸከምም ተባለና ለመናፈሻ ተተወ። ንድፉን እንድሠራ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ።

በጣም ደስ አለኝ። እስከዚያ ድረስ የምሥለው ቦይ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትና የቦታ ወሰን ብቻ ነበር። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ቦት ጫማዬን አድርጌ እወርዳለሁ፤ ውሃው የት የት እንደሚተኛ፣ ጉሬዛዎቹ በየትኛው ዛፍ በኩል እንደሚሻገሩ እያየሁ እዞራለሁ። በመጀመሪያው ንድፌ ላይ ረግረጉን እንዳለ ተውኩት። በላዩ የእንጨት መተላለፊያ ዘረጋሁ፤ አንድም ዛፍ አልነካሁም። ኃላፊያችን ወረቀቱን አየት አደረገና፣ ሰው ሊናፈስ ወጥቶ ጭቃ እንዲያይ ነው ወይ የምትፈልጊው ብሎ ሳቀ። አብረውት የነበሩትም ሳቁ። ወረቀቴን ጠቅልዬ ወጣሁ። በሁለተኛው ንድፍ ውሃውን በቦይ አስወጣሁት፤ ሣር አለበስኩት፤ ቀጥ ያለ መንገድና መሃሉ ላይ ክብ የአበባ መደብ አደረግሁበት። እሱን ወደደው።

እህቴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። እኛው ክፍል ተመደበችና ጠረጴዛዋ ከእኔ ፊት ለፊት ሆነ። ኃላፊያችን መናፈሻውን አብረን እንድናየው ስላዘዘን ወደ ቦታው ወረድን። ረግረጉ ዳር ቆማ ውሃውንና ዛፎቹን ተመለከተች።

«እትዬ፣ ይሄን ለምንድን ነው የምናደርቀው?» አለችኝ።

እኔም እንዳንቺው አስቤ ተስቆብኛል ማለት ይበቃኝ ነበር። አልወጣልኝም። ቢሮው የፈለገው እንደዚያ ነው ብዬ አለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ የራሷን ንድፍ አቀረበች። ረግረጉ እንዳለ ነው፤ የእንጨት መተላለፊያው በላዩ ያልፋል፤ ዛፎቹ አልተነኩም። ከእኔው ይልቅ ያማረ ነበር። በቀለም ታትሟል፤ መተላለፊያው ላይ አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ስትሄድ ትታያለች። ረግረጉ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ እንዴት የታችኛውን መንደር እንደሚያድን እንግሊዝኛ እየቀላቀለች አስረዳች። ያ በእኔ የሳቀው ኃላፊ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። እኔም አጨበጨብኩ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ፣ ይህን ሐሳብ እኮ እኔም አቅርቤው ነበር አልኩት። ረስቶታል። ትዝ ሲለውም አልደነገጠም።

«አንቺ ረግረጉ ይቆይ አልሽ፤ እሷ ግን ለምን እንደሚቆይ ነገረችን» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት አብሮኝ ይውል ጀመር። ትልልቁን ነገር ትቶ ትንንሹ ላይ ነበር የሚያርፈው። እኔ እስከ ጉልበቴ ጨቅይቼ ስመለስ የእሷ ጫማ ንጹሕ መሆኑ ያበግነኛል። በሻይ ሰዓት ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡት ወጣት ሠራተኞች እሷን ከበው ሲስቁ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ቤት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እናታችን ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ ልጄ መናፈሻ እየሠራች ነው ትላለች፤ እኔ እዚያው አጠገቧ ቆጮውን እየቆረስኩ። ስለ እኔ ሥራ ለሰው ስታወራ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።

ነዋሪው እንዲወያይበት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አዲሶቹ ባለቦታዎች፣ መምህራንና የቢሮ ሰዎች፣ ከፊት ተቀመጡ፤ የድሮዎቹ ነዋሪዎች ከኋላ። እህቴ ንድፉን ግድግዳው ላይ ሰቅላ በአማርኛ አስረዳች። የፊተኞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ከዚያ ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ። መንደሩ ከመሸንሸኑ ከረጅም ጊዜ በፊት ጀምሮ ከምንጩ በላይ እንሰት ተክለው የሚኖሩ ናቸው። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ተናገሩ፤ ንግግራቸው ረጅምና ቁጣ ያለበት ነበር። እህቴ ከቃላቱ ጥቂቱን ብቻ ያዘች። ቋንቋውን አዲስ አበባ አስረስቷታል። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ደስ አለኝ፤ ያንን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። እኚህ እናት ያሉት ግልጽ ነው። ንድፉ ላይ ቦታው ዙሪያውን ታጥሮ በር ተበጅቶለታል፤ ታዲያ ምንጩ ሲዘጋብን ውሃ የምንቀዳው ከየት ነው፣ ለእናንተ ሽርሽር ሲባል የእኛ ልጆች ይጠሙ ወይ ነው ያሉት። ይህን ለእህቴ በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምንጩን አላሰብኩትም። ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

ኃላፊያችን ከፊት ተቀምጦ ያየናል። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ይበላሽ ነበር፤ የሚበላሸውም በእሷ እጅ ነበር። ግን እናትየው ቆመው መልስ የሚጠብቁት ከእኔ ነው። ማንንም ሳላስፈቅድ በካፊኖኖ መለስኩላቸው። በምንጩ በኩል አጥር አይኖርም፤ ከቤትዎ የሚወርደው መንገድ ባለበት ይቆያል አልኳቸው። ረግረጉን ቆፍረን ብናደርቀው ምንጩ ሊሸሽ እንደሚችል፣ ስለዚህ እንደማንነካው ነገርኳቸው። ኃላፊው ሲስቅብኝ አፌ ላይ ቀርቶ የነበረው ሁሉ በእናቴ ቋንቋ ያለ ምንም ችግር ወጣ። እናትየው አዳምጠው ሲያበቁ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ የተቃወመ አልነበረም።

ወደ ቤት በእግራችን ስንመለስ እህቴ ንድፉን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ነበር። ምስጋናዋን እጠብቅ ነበር።

«አንቺ ስትናገሪ እማዬ የምትናገር መሰለኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «እኔ እማዬ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ምን እንዳሳቃት እንኳ አይገባኝም። አክስቴ ቤት ሳለሁ ሁልጊዜ የምቀናው ባንቺ ነበር፤ እሷ አጠገብ ትተኛለች እያልኩ።»

እጇን ያዝኩ። ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልራራላትም። የምትቀናብኝ እኔ አሁን ወደ ኋላ እንደ መቅረት በቆጠርኩት ነገር ነው፤ ያንን እንኳ ከእኔ የምትወስድ መሰለኝ።

በበጋው መናፈሻው ተሠራ፤ በምንጩ በኩልም ክፍት ሆኖ ቀረ። በምረቃው ዕለት ባለሥልጣኖቹ ወጣቷን የአካባቢውን ተወላጅ ባለሙያ አመሰገኑ። እህቴ ማይክሮፎኑን ስትቀበል እኔንም ጠቀሰችኝ፤ አጨበጨቡልኝ፤ ለእሷ የተጨበጨበው ግን ረዘም ያለ ነበር። ወዲያው ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። የበሰበሰ ጣውላ ማስቀየሩና በክረምት የሚዘጋውን የውሃ መውረጃ ማስጠረጉ ለእኔ ቀረ።

እናታችን ዛሬም ለእንግዳ ሁሉ፣ ልጄ የሠራችው ነው ትላለች። አንድ ቀን የትኛዋ ልጅሽ ናት አልኳት፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጠነከረ።

«ያቺ ናታ። ስሟን የማነሣው ሩቅ ስለሆነች ነው። አንቺማ እዚሁ ነሽ» አለችኝ፤ ሌላ የሚባል ነገር ያለ አልመሰላትም።

እህቴ ክረምት ሲገባ ትደውላለች። ረግረጉ ሞላ ወይ፣ ወፎቹ መጡ ወይ ትለኛለች። ውሃው ከመተላለፊያው ሥር እስከ የት እንደደረሰ፣ የትኛው ዘንባባ እንዳፈራ፣ ማን ማን እንስራ ይዞ እንደወረደ አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ። ስትናፍቅ በድምፅዋ ይታወቀኛል። እኔም ወሬዬን ቶሎ አልጨርስም።