ከነነፍሱ የነቀልኩት ዛፍ

ሚስቴ «አንተ ምላስህ እንጂ እጅህ አይሠራም» ትለኛለች። እጄ የሠራ ቀን ምን እንደሚመጣ ላጫውታችሁ። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2020፣ ኮቪድ ሁላችንንም ቤት በቆለፈብን ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ባክያርድ፣ ጓሮው ማለቴ ነው፣ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እዚህ አሜሪካ ቤዝመንታችንን፣ ምድር ቤቱን፣ የተከራየችው ራሔል፣ በሰሜኑ ብርዳም አገር ደኖች ውስጥ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚሞት በኮምፒውተር ሞዴል የምትገምት ልጅ ናት። እኔ «መርዶ ነጋሪዋ» እላታለሁ። እሷም ትስቃለች።

ያን ዓመት ስፕሪንግ ላይ አባቷ አዲስ አበባ አረፉ። በረራ ተዘግቶ ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም። ከዚያ ቁመቱ ወገቤ የሚደርስ ላርች የሚባል ዛፍ አምጥታ ባክያርዳችን ላይ ተከለች። ቅጠሉ እንደ ጥድ መርፌ መርፌ ነው። «ይሄ የአባዬ ነው» አለችኝ።

ኖቬምበር ላይ እህቷን ልትጠይቅ ክሊቭላንድ ሄደች። አንድ ጠዋት ብወጣ ዛፉ ቢጫ ሆኖ መርፌው ረግፏል። መቼም ጥድ ሲራቆት ያየ የለም። ሞቷል አልኩ። ልጅቷ ሁለተኛ ሐዘን ልትቀመጥ ነው ብዬ ፈራሁ። ነቅዬ ጋራዡ ጀርባ ጣልኩትና እሱን የሚያህል አረንጓዴ ጥድ ገዝቼ ቦታው ላይ ተከልኩ።

ራሔል ተመልሳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በመስኮት አየች።

«ጋሼ ታምሩ፣ የአባዬ ዛፍስ?»

«ይኸው! አላማረበትም?»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ ሞቶብሽ ነበር። እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ላርች እኮ ዊንተር ሲመጣ መርፌውን ያራግፋል! ተኝቶ ነው! የት ጣሉት?»

እንባዋ መጣ። እኔ በካልሲ ሮጥኩ። ደግነቱ ከነሥሩ እዚያው ነበር። አብረን ከጥዱ አጠገብ መልሰን ተከልነው። ይተርፍ እንደሆነ ግን መርዶ ነጋሪዋም አላወቀችም።

ዊንተሩን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ አንድ ደረቅ እንጨት «እንዴት አደርክ?» ስል ሚስቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልትነግርብኝ ምንም አልቀራት።

ኤፕሪል ላይ ቅርንጫፉ ትንንሽ አረንጓዴ ነጥብ አወጣ። ራሔል ጮሃ ጠራችኝ። እኔ ቀልደኛው አለቀስኩ። ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል፣ ትንሽም አፍራለሁ።

እንደገና ይቅርታ ስጠይቃት ሳቀች።

«ጋሼ፣ የእኔም የመጀመሪያ ሞዴል እንደ እርስዎ ነበር። በሳተላይት ፎቶ አረንጓዴ ያጣውን ሁሉ ሞተ እያለ፣ ዊንተር በመጣ ቁጥር የላርቹን ደን በሙሉ ይጨርሰው ነበር። ግን እሱ እንኳ አካፋ አላነሳም።»