ያልተፈለጠው እንጨት

ባለቤቴ ኦድቫር አርባ ዓመት ሙሉ በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሳ መንገዱን ከፍቶ ይመለሳል፤ ያመሰገነው የለም፤ እሱም ምስጋና አልጠበቀም። «ሥራዬ ከኋላዬ ለሚመጣው ነው» ይላል። አባባሉን እወድለት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን መንገዱ ሲቀር አባባሉ አብሮን ቀረ፤ ኦድቫርም አባባሉን የሚጭንበት ሰው ፍለጋ ይዞር ጀመር።

በየዓመቱ መስከረም ላይ አልጋና ምድጃ ያላትን መኪናችንን ይዘን ፌሙንድ ሐይቅ እንወርዳለን። በመኪናዋ መስኮት ላይ ኦድቫር በእጁ የቀረጸው ሰሌዳ አለ፦ «ኦድቫርና ሱልፍሪድ እዚህ ይኖራሉ» ይላል። መኪናዋን ሐይቁ ዳር ካለው ሰፈር፣ በየዓመቱ ከሚመጡት መሰሎቿ አጠገብ አቁመን፣ ታንኳችንን ከጣሪያዋ አውርደን፣ ግማሽ ቀን ቀዝፈን ማዶ ካለችው ጎጆ እናድራለን። በማግስቱ ከጎጆዋ ጀርባ ያለውን ተራራ እንወጣለን፤ በሦስተኛው ቀን እንመለሳለን። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው።

ጎጆዋ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት ናት፤ ዘበኛም ቁልፍም የላትም። ሕጓ አንድ ነው፦ ስትሄድ እንጨት ፈልጠህ፣ ጭራሮውን ምድጃ ውስጥ ደርድረህ ትተዋለህ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ክብሪት መጫር ብቻ ነው ያለበት። ከዚያ ደብተሩ ላይ ስምህንና የተውከውን ትጽፋለህ።

ኦድቫር ለዚህ ሕግ ራሱን ዳኛ አድርጎ ሾመ። ሳይፈልጥ የሄደ ሰው ካገኘ ስሙን ከደብተሩ ይዞ ይመጣና፣ ሁላችንም ሰፈሩ ላይ ተሰብስበን የበግና የጥቅል ጎመን ቅቅል ስንበላ ጮክ ብሎ ይጠራዋል። አንድ ጊዜ ስማቸው የተጠራው፣ ከኦስሎ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች፣ እዚያው ማዕዱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ እስክታለቅስ ወረደባቸው። እኔ ድንች እየላጥሁ ስቄአለሁ። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ እንጨት» ይለዋል፤ ሲሉት ደረቱ ይነፋል።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ትከሻው ታመመ። ለማንም አልነገረም፤ እኔ ሹራብ ሲለብስ አይቼ ነው ያወቅሁት። መስከረም ላይ ስንሻገር ታንኳው ላይ ከፊት ተቀምጦ መቅዘፊያውን ወጥ እንደሚያማስል ሰው ውኃው ውስጥ ያዞራል። የምገፋው ከኋላ እኔ ነኝ።

«ምነው ዛሬ ሐይቁ ከበደን?» አልሁት።

«ነፋሱ ነው።»

ነፋስ የሚባል አልነበረም።

ተራራውን ግን እንደ ፍየል ወጣው፤ እግሩ ደህና ነው። አናቱ ላይ ዳቦና አይብ እየበላን፣ «ነገ እንጨቱን እኔ ልፍለጠው» አልሁ።

«አንቺ? በአርባ አንድ ዓመት ትዳር መጥረቢያ ሰጥቼሽ አውቃለሁ?»

«አልሰጠኸኝም። ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅህ።»

«አርጅተሃል በይኝ፣ ይውጣልሽ!»

ጥሎኝ ወረደ። እኔም አኮረፍሁ፤ ኩርፊያ ላይ ከእሱ አላንስም።

ጠዋት እንጨት ቤት ገባ። ኩባያ እያጠብሁ ጆሮዬ እዚያ ነበር። መጥረቢያው አንዴ ሲያርፍ ሰማሁ፤ ከዚያ ግንዱ ሲንከባለል፤ ከዚያ ጭጭ። ብዙ ቆይቶ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ።

«አለቀ። ዝናቡ ሳይመጣ እንሂድ።»

ምድጃውን አየሁት፤ ባዶ ነው። ሄጄ መጥረቢያውን ማንሳት እችል ነበር። «እምቢ ብሏል፣ እንግዲህ ይቻለው» አልሁ በልቤ። ደብተሩን ገልጬ የሃያ ሁለት ዓመቱን ቃል ጻፍሁ፦ «ደረቅ እንጨት ተፈልጧል፣ ምድጃው ተሰናድቷል። ኦድቫርና ሱልፍሪድ።» 

እኛ መኪናችን ጋ በደረስን በሰዓቱ ሐይቁ ተናወጠ። ያን ቀንና በማግስቱ ዝናቡ አላቋረጠም። በሦስተኛው ቀን በራችን ተንኳኳ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ የለበሰችው የተዋሰችውን ልብስ ይመስላል፣ ይሰፋታል። ስሟ ቱሩን ነው።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ» አለ ኦድቫር፤ ለእንግዳ ደግ ነው። ቅቅሉን ጨለፈላት።

እየበላች ነገረችን። እሷና እህቷ ጉድኒ በዚያ ማዕበል ታንኳቸው ተገለበጠባቸው። እንደምንም ተጎትተው ጎጆዋ ደረሱ። ያገኙት ግንድ ብቻ ነው። እጃቸው ደንዝዞ መጥረቢያ አልያዘላቸውም።

«ደብተሩን ቀድጄ አነደድሁት» አለች። «በርጩማውንም። በእሱ ነው የተረፍነው። ጉድኒ ግን ጤና ጣቢያ ናት፤ ጣቶቿ እስካሁን አይሰሟትም።»

ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ይህችን ገጽ ግን አላነደድኋትም። ኦድቫር የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ አወቅሁት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የቆረጥሁትን ዳቦ መልሼ ስቆርጥ ነበር። ኦድቫር ጭልፋውን እንደያዘ ቆሞ፣ «እዚህ ብዙ ሰው ይመጣል» አለ።

እሷ ቅቅሉን ጨረሰች፤ ሳህኗን ወደ መሐል ገፋች፤ ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«ከማንኳኳቴ በፊት መስኮቱ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቤአለሁ» አለች። «ለጠብ አልመጣሁም። ከአፍዎ ልስማው ብዬ ነው።» ከዚያ እኔን አየችኝ። «ጽሑፉ ግን የሴት ነው መሰለኝ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

 የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኛው ሆንን። ያቺ ስታለቅስ የሳቅሁባት ሙሽራ ቀኑን ሙሉ ከፊቴ አልጠፋችም።

በማግስቱ ኦድቫር ራሱ ታንኳውን ከጎኑ ይዞ ውኃው ውስጥ አስገባው፤ እስከ ጎጆዋ እኔ ቀዘፍሁ። እንጨት ቤቱ ውስጥ መጥረቢያውን አንስቶ ቆየ። ከዚያ ሰጠኝ። መዳፌ እስኪላጥ ፈለጥሁ፤ እሱ በግራ እጁ አንድ በአንድ ደረደረው፣ ምድጃውንም አሰናዳው። ይዘነው የሄድነውን አዲስ ደብተር ከፈትሁ።

«ሳልፈልጥ ፈለጥሁ ያልሁት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ሳንፈልጥ ፈለጥን ያልነው እኛ ነን» ብዬ ጻፍሁት።

እዚያው አድረን ተመለስን። በማግስቱ ማታ ሰፈርተኛው ማዕድ ላይ ሲሰበሰብ ኦድቫር ቱሩን የተወችውን ገጽ ይዞ ቆመ። የሰው ስም ይጠራ በነበረበት ድምፅ የራሱን ስም ጠራ፤ አስከትሎ የእኔን። ከዚያ ምን እንዳደረግንና በጉድኒ ላይ ምን እንደደረሰ ተናገረ። የጓደኞቻችንን አፍ ስለማውቀው ያላግጡብናል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

ማንም አልሳቀም። አንዱ ድንች አቀበለን፤ ሌላው ስለ አየሩ አነሳ። ቢያላግጡብን በወደድሁ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ እንጨት ብሎ የጠራው የለም።