ጉምን የጠራችው ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አባቴ አዲስ አበባ ቀርቶ እኔና እናቴ ለንደን ስንገባ፣ ዋይት ሲቲ በሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ ስላገኘች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቆየው ጎረቤታችን እማማ ሉን ዘንድ ነው። ከበርማ ተራሮች የመጡ ባልቴት ነበሩ። ቋንቋቸው ከጥቂት መንደሮች አያልፍም፤ ለንደን ውስጥ በእሱ የሚያዋራቸው ሰው አልነበረም። ልጃቸው እንኳ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር።

ያኔ፣ በብርዱ ወራት አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሲጨልም፣ መብራት ሳያበሩ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ፍም መስሎ እየቀላ፣ ተረት ይነግሩኝ ነበር፤ መጀመሪያ በቋንቋቸው፣ ቀጥሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። በአንዷ ተረት እናቷ የጠፋባት ልጅ ጉም ውስጥ ሆና «ኑ! ኑ!» እያለች ትጣራለች። በእሳቸው ቋንቋ «ኑ» ድምፁ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እናት ነው፤ ከፍ እንዳለ ከቀረ ግን ጉም። ልጅቷ በፈራች ቁጥር ድምፅዋ ከፍ እያለ ጉሙን ትጠራለች፤ ጉሙም እየቀረበ ይመጣል።

እኔም ስሞክር የምጠራው ጉሙን ነበር።

«አይደለም፣ ሰደይ» ይሉኛል፤ «ጸ» ስለማይሆንላቸው ጸደይ ብለውኝ አያውቁም። «አትጩኺ። አውርጂው።» እጃቸውንም ቀስ አድርገው ወደ ታች ያወርዳሉ።

አንድ ቀን ስገባ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በየእሑዱ እየደወሉ በቋንቋቸው የሚያወሯት እህታቸው ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ተረት ቀረ፤ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ያዩ ነበር። ማጽናናት የት አውቄ! ከሳምንታት በኋላ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ያቺን ተረት በቋንቋቸው፣ እንደሰማሁት ጀመርኩ። «ኑ» ላይ ስደርስ ድምፄን አወረድኩት።

እማማ ሉን ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

«ድገሚው» አሉኝ።

እናቴ እስክትመጣ ስደግመው ቆየሁ።

እማማ ሉን ሲያርፉ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከቀብር መልስ ልጃቸው «እናቴ ምን ትነግርሽ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ተረቷን በቋንቋቸው አልኩለት። አንገቱን ደፍቶ ከሰማኝ በኋላ በመካከሏ ያለች አንዲት ቃል ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። እሱም አያውቅም።

«ለእኔም ትነግረኝ ነበር» አለ፤ «እኔ ነኝ ያልሰማኋት።»

ዛሬ የምኖረው እዚሁ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ነው። የቀረችኝ ያቺ ተረት ብቻ ናት፤ ቃሎቿ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ እንኳ አልለይም። አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ እላታለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ካገሬ ሰው ጋር በስልክ የማወራ ይመስላቸዋል።