አባቴ «ደህና ነኝ» ያለባቸው ቀናት

አባቴን አንጀቱ ተጠማዝዞበት ከባምባሲ አሶሳ ሆስፒታል ያደረስነው በሐምሌ ዝናብ ነበር። በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሰባ ዓመት አልፎታል። ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ጫካ መንጥሮ ያረሰ ሰው ነው፤ አመመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ወንድሞቼ እርሻ ላይ ስለነበሩ አስታማሚዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ነርሱ የሆሞሻ ወረዳ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛውን አጠር አጠር አድርጎ ይናገራል። በመጣ ቁጥር አባቴን ያመው እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ አባቴም ደህና ነኝ ይላል። እኔ ግን ነርሱ ፊቱን ሲያዞር አባቴ የአልጋውን ብረት እንዴት ጨምድዶ እንደሚይዝ አያለሁ። የሚተነፍሰው እየቆጠበ ነበር። ሳል ሲመጣበት አፍኖ ይውጠዋል።

ያንን አይቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻም አይደለም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነርሱ የማስታገሻ መርፌ ይዞ ሲመጣ ይቅርበት አልኩት። እንዲህ ያለ መርፌ ሽማግሌን ልቡን ያስተዋል፣ ሱስም ይሆንበታል ብላ ጎረቤታችን አስፈራርታኝ ነበር። ነርሱ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ አባቴ ራሱ አልፈልግም ሲለው ግን መዝገቡ ላይ ጽፎ ሄደ። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ መለስነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አባቴ እግሩን ከአልጋው አውርዷል። የግሉኮሱን መርፌ ነቅሎት ክንዱ ይደማል።

«መኪናው ቆሟል፤ ልጆቹን አውርዱ» ይላል።

የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ያኔ ከወሎ ያመጣንን የሰፈራ መኪና ነው። ትከሻውን ስይዘው ገላው እንደ እሳት ይፋጃል።

ነርሱ ሮጦ ሲመጣ ተቆጣሁት፤ መድኃኒታችሁ ነው ያሳበደው አልኩት። አባቴን አስተኝቶ፣ ክንዱን በጥጥ ተጭኖ፣ ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«ምን መድኃኒት? ከትናንት ጀምሮ አልወሰዱም። አንቺ ነሽ ይቅር ያልሽው።»

ወዲያው ሐኪሟን አስጠራ።

ሐኪሟ መጥታ ደረቱን አዳመጠች። ሕመሙን ሸሽቶ በደንብ ስላልተነፈሰና ስላልሳለ ሳንባው እንደታመመ፣ ያልታከመ ሕመምና እንቅልፍ ማጣትም ሽማግሌን እንደሚያቃዥ ነገረችኝ። ኦክስጅን ተደረገለት፤ ለሳንባውም መድኃኒት ተጀመረ። ማስታገሻውን ለዕድሜው በሚሆን መጠን፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ፣ ትንፋሹን እየተከታተሉ ሰጡት። እኔ ዓይኔን ከደረቱ ላይ አልነቀልኩም። ዝቅ ብሎ ተመልሶ እስኪነሳ ድረስ የእኔም ትንፋሽ ይቆም ነበር።

አመሻሹ ላይ ነርሱ ጋቢ አጥፎ ቁስሉ ላይ ደግፌ እንድይዝ አሳየኝና አባቴን «ይሳሉ» አለው። አባቴ ሳለ፤ ወዲያው ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አቃሰተ።

«ያመኛል» አለ።

ነርሱ የት እንደሆነ ጠየቀው። አባቴ እጁን አንስቶ አሳየው።

አእምሮው እስኪጠራ አራት ቀን ፈጀ። አንዳንዴ ያውቀኛል፣ አንዳንዴ በሟች እህቱ ስም ይጠራኛል። የማስታገሻው ሰዓት ሲደርስ ነርሶቹን ሄጄ የምጠራቸው እኔው ሆንኩ።

ከሆስፒታል ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ይዤ ሳራምደው፣ መርፌው እንዲቀር ያደረግሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስንደርስ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«እኔም ዋሽቼሻለሁ» አለኝ።

ትንሽ አረፈና እንዳነሳው ክንዱን ዘረጋልኝ።