የሰማያዊው ባልዲ ውሃ

እኛ ቤት ውሃ የሚፈላው መጋረጃ ተዘግቶ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጎረቤት ሳይነሳ ተነስቼ ትልቁን ድስት እጥዳለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ገልብጬ እከድናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው መጋረጃው የሚከፈተው። ሰው የሰረቀውን ይደብቃል፤ እኛ የፈላ ውሃ እንደብቃለን።

ምክንያቱ ታላቅ እህቴ ናት። በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ውሃ የምትመረምረው እሷ ብቻ ነች። በየሰኞው ውጤቱን በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ትለጥፋለች። ወረቀቱ ሁልጊዜ «ንጹህ» ስለሚል ሰፈሩ እሷኑ «ንጹህ» ብሎ ሰየማት። «ንጹህ፣ እንዴት ዋልሽ?» ሲሏት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሰው ጨዋነት ይመስለዋል።

ጣጣው የጀመረው ለሁለት ሳምንት ተብሎ ነበር። የመመርመሪያው ኬሚካል አለቀና ሥራ አስኪያጁ «እስኪመጣ ድረስ ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ገልብጪ» አላት። ገለበጠች። ኬሚካሉ በስድስተኛው ወር ሲመጣ ውሃው ተበላሽቶ ተገኘ፤ ማጣሪያው አርጅቷል። «አሁን ቆሻሻ ነው ብንል እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ አይሉንም?» አላት። እሱ የተናገረውን ነፋስ ወሰደው፣ ወረቀቱ ላይ የቀረው የእሷ ፊርማ ነው። እኔንም እናትና አባታችን ሲሞቱ ያሳደገችኝ በዚያችው ደመወዝ ስለሆነ አፍ አውጥቼ አልወቀስኳትም። ሆድ ይፍጀው ተባብለን ኖርን።

ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ሳይ ግን መንገድ እቀይራለሁ። ልጇ ባለፈው ክረምት በተቅማጥ አንድ ወር ሆስፒታል ተኝታለች። እናትየው እኛ ቤት ስትመጣ አንድ ብርጭቆ ጭልጥ አድርጋ ጠጥታ፣ «ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን የእናንተን ውሃ ምን ብታደርጉት ነው እንዲህ የሚጣፍጠው?» ትለኛለች። «ባልዲው ነው» አልኳት አንድ ቀን፣ ለቀልድ። በሳምንቱ እንደኛው ሰማያዊ ባልዲ ገዛች።

ዘንድሮ መንግሥት አዲስ ማጣሪያ ለሚሠሩ ከተሞች በረጅም ጊዜ የሚከፈል ብድር ፈቀደ። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ባስገባ ቀን እህቴ ፊቷ በርቶ መጣች። «ማጣሪያው ከተሠራኮ ወረቀቱ ራሱ እውነት ይሆናል» አለችኝ። እኔም እንደ ሞኝ አብሬያት ሳቅኩ።

መልሱ በወሩ መጣ። ብድሩ ውሃቸው ለተበላሸ ከተሞች ነው፤ የእናንተ ውሃ ግን በራሳችሁ ማስረጃ አሥራ ሁለት ዓመት ንጹህ ነው ይላል። ቢሆንም አንድ ባለሙያ መጥቶ፣ ራሱ ከመረጠው ቤት የሚጠጣውን ውሃ በጠርሙስ ይወስዳል። ንጹህ ከሆነ የሚቀጥለው ዙር ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ውሃው ንጹህ ከተባለ ከተማው አምስት ዓመት ያንኑ ሲጠጣ ይኖራል፣ ቆሻሻ ከተባለ እህቴ ወህኒ ትወርዳለች። ሥራ አስኪያጁ «ብድር ሌላ ጊዜ ይመጣል፣ አንቺ ለራስሽ እወቂበት» ብሏታል። ለእሷ ያዘነ መምሰሉ ነው የሚያናድደኝ።

ባለሙያው በመጣ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋና ድስቱን የጣድኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ሙቀቱ ሲያፍነኝ በሩን ከፈትኩት። ብዙም ሳልቆይ አንድ ወጣት ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ደጃፌ ላይ ቆመ፤ ሥራ አስኪያጁና እህቴ ከኋላው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ቤት የተከፈተ በር አይቶ ወደኛ መጣ! ክው አልኩ።

«ደህና ዋሉ እህቴ፣ ውሃ ልወስድ ነበር» አለኝ። ወዲያው ዓይኑ ድስቱ ላይ ዐረፈ። «የሚያፈሉት ለመጠጥ ነው?»

እህቴን አየኋት። ፊቷ ላይ የደም ጠብታ የለም።

«ኧረ ለልብስ ነው!» አልኩት። «ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ለልብስ ነው።»

«የምትጠጡትስ?»

የትናንቱ የፈላ ውሃ የቀረበትን ሰማያዊ ባልዲ አሳየሁት። አውቄ ነው፣ አልዋሽም። ከዚያ ከቀዳ ውሃው ንጹህ ይወጣል፤ ብድሩ ይቀራል፣ እህቴ ትተርፋለች። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በዚያች ደቂቃ ትዝ ብላኝ ነበር። ብላኝም ጣቴን ከባልዲው አላነሳሁም።

ባለሙያው ክዳኑን ከፈተ። ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ከእሱ አይደለም» አለች እህቴ።

«ምን አሉኝ?»

«ከእሱ አትቅዳ። እሱ የፈላ ነው። ከቧንቧው ቅዳ።» ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላ ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው እስኪጠራ ትንሽ ለቀቀችው፣ ቀዳች፣ ከደነች። ጠርሙሱ ላይ፣ የቀዳው ሰው በሚፈርምበት ቦታም ራሷ ፈረመች። ሥራ አስኪያጁ በዚያ መሃል ወጥቶ ሄዷል።

ብድሩ ተፈቀደ። እህቴ ከሥራ ታግዳ የፍርድ ቤት መጥሪያ እየጠበቀች ጓዳ ተቀምጣለች። ሰሌዳው ላይ በሌላ ሰው እጅ «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የባልዲው ወሬ ሰፈሩን ስላዳረሰ ሳምንት ሙሉ በራችንን ያንኳኳ ሰው የለም፤ እኛም ለመውጣት ድፍረት አጣን።

በስምንተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ስድቧን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ አልገባችም።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚፈላው?» አለችኝ።

ከጓዳ የእህቴ ድምፅ መጣ፦ «ከተንተከተከ በኋላ አምስት ደቂቃ።»

ልብስ ሰፊዋ ልጇ ሆስፒታል የተኛችበትን ወር የምታሰላ ይመስል ባልዲያችንን አየችው።

«አምስት ብቻ?» አለች።